ወፍራምና ጌጠኛ የጥንት መልክ ያለው ሰሪፍ ፎንት ለርዕስ እንዴት ይሠራበታል፦ ከዝግጅት እስከ ኅትመት ፋይል

ፎንቱ በሚሸጥበት ገጽ ላይ ያማረ ሆኖ፣ በራስዎ ፖስተር ላይ ሲቀመጥ ግን የተጨናነቀና ለማንበብ የሚያስቸግር ከሆነብዎት፣ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የፎንቱ አይደለም። በማሳያው ላይ ያለው ቃል ከፎንቱ ጋር እንዲስማማ ተመርጦ፣ በፊደላቱ መካከል ያለው ክፍተት አንድ በአንድ በእጅ ተስተካክሎ፣ በትልቅ መጠንም ተቀምጦ የቀረበ ነው። እኛ ግን ቃላችንን ተይበን ስናበቃ ጅራቱን፣ ጥላውንና ቀለሙን ወዲያውኑ እንደራርብበታለን። እንዲህ ያለው ፎንት ጌጡን ይዞ የተወለደ ነውና የሚቀረን ሥራ ማስተካከልና መቀነስ ብቻ ነው፤ ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተልም በዚሁ መሠረት የተዘጋጀ ነው። ደረጃዎቹን አያዘበራርቁ፤ በተለይ ደረጃ 4ን ሳይጨርሱ ወደ ደረጃ 5 አይለፉ።

ሦስት ቃላት ደጋግመው ይመጣሉ። ሰሪፍ የምንለው በፊደሉ ጭረቶች ጫፍ ላይ ያለውን እግር ነው። ስዋሽ ከፊደሉ አካል ወጥቶ የሚጠማዘዘው ረጅም ጅራት ነው። የፊደሉ ሆድ ስንል ደግሞ በፊደሉ ውስጥ ታጥሮ የቀረውን ባዶ ቦታ ማለታችን ነው።

## ከመጀመርዎ በፊት

ርዕሱን ቁርጥ አድርገው ይያዙ። በዚህ ዓይነት ፎንት ላይ አንዲት ፊደል ስትቀየር የመስመሩ ሚዛን ሁሉ ስለሚለወጥ፣ ደንበኛው «ምናልባት ቃሉን እንቀይረው ይሆናል» እያለ ባለበት ሰዓት ክፍተት ማስተካከል ጊዜ ማባከን ነው። ርዕሱ ከአራት ወይም ከአምስት ቃላት የሚበልጥ ከሆነ፣ በጌጠኛው ፎንት የሚጻፈውን ዋና ቃል ለይተው ያውጡና ቀሪውን ለሌላ ቀለል ያለ ፎንት ይተዉት። አንቀጽ በዚህ ፎንት ፈጽሞ አይጻፍም።

ሥራው ከምን ያህል ርቀት እንደሚታይ ይወቁ። በማስታወቂያ ሰሌዳ ሥራ የተለመደው ስሌት ለ3 ሜትር ርቀት 25 ሚሊ ሜትር ያህል የፊደል ቁመት ነው። ይህ ስሌት ለግልጽ ፊደል የሚሠራ በመሆኑ ለጌጠኛ ፎንት አንድ እጥፍ ተኩል እንዲያደርጉት እመክራለሁ፤ ስለዚህ ከ12 ሜትር ላይ እንዲነበብ የሚፈለግ ርዕስ 100 ሳይሆን 150 ሚሊ ሜትር ቁመት ይሰጠው።

የፈቃዱን ሰነድ ያንብቡ። ለኮምፒውተር ሥራ የተገዛ ፈቃድ ፎንቱን በድረ ገጽ ላይ ለመጫን ወይም በስልክ መተግበሪያ ውስጥ ለመክተት ብዙውን ጊዜ አይፈቅድም፤ «ለግል ጥቅም ብቻ» የተባለው ደግሞ ለደንበኛ ሥራ አይሆንም። በኤስአይኤል የክፍት ፎንት ፈቃድ የተለቀቀ ከሆነ ለንግድ ሥራ መጠቀም ይቻላል፤ ፎንቱን ለብቻው መሸጥ ግን አይፈቀድም።

በመጨረሻም ፎንቱ የትኞቹን ፊደላት እንደያዘ ያረጋግጡ። አብዛኞቹ እንዲህ ያሉ ፎንቶች የተሠሩት ለላቲን ፊደል ብቻ ነው። የግዕዝ ፊደል ሲተይቡባቸው ፕሮግራሙ ምንም ሳይነግርዎ ሌላ ፎንት ይተካል፣ አለዚያም ባዶ ሳጥን ያሳይዎታል። የፎንቱ ስም በዝርዝሩ ላይ ስለታየ ብቻ በእርሱ እየጻፉ ነው ብለው አይመኑ፤ ፊደሉን ከማሳያው ጋር አስተያይተው ይመልከቱ።

## ደረጃ 1፦ የትኛው «ድሮ» እንደሆነ ይወስኑ

«የድሮ መልክ» የሚባለው አንድ ዘመን አይደለም፤ ምርጫዎም ከውበት በላይ የሚወስነው ነገር አለ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ለማስታወቂያ የወጡት ወፍራም ፊደላት ግንዳቸው እጅግ ወፍራም፣ ቀጭኑ ጭረታቸው ደግሞ ክር የሚያህል ነው፤ እነዚህ በትልቅ መጠንና በለስላሳ ወረቀት ላይ ካልሆነ በቀር ቀጭኑ ጭረት ይጠፋባቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1845 የወጣው ክላረንደንና ዘመዶቹ ሰሪፋቸው ወፍራም ሆኖ በኩርባ ከግንዱ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ሻካራ ገጽንም ይችላሉ። እ.ኤ.አ. በ1922 የወጣው ኩፐር ብላክ ጫፎቹ የተድበለበሉ፣ ቀጭን የሚባል ጭረትም የሌለው በመሆኑ ከሁሉም ይበልጥ ቻይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የተስፋፉት ባለብዙ ስዋሽ ፎንቶች ደግሞ ቦታ ይፈልጋሉ፤ ጠባብ ሳጥን ውስጥ አይገቡም።

ስለዚህ በጨርቅ፣ በካርቶን ወይም በእንጨት ላይ የሚታተም ሥራ ከሆነ ሁለተኛውን ወይም ሦስተኛውን ዓይነት ይምረጡ። ከወሰኑም በኋላ የሌላ ዘመን ጌጥ አያዋሱት፤ በድብልብል ፊደል ዙሪያ የ19ኛው ክፍለ ዘመን የሐረግ ክፈፍ ቢደረግ ሁለቱም ባዕድ ሆነው ይታያሉ።

## ደረጃ 2፦ ፎንቱን ይጫኑና ይፈትሹ

1. በጥቅሉ ውስጥ ኦቲኤፍ እና ቲቲኤፍ የሚሉ ሁለት ዓይነት ፋይሎች ካሉ አንዱን ብቻ ይጫኑ። ሁለቱን አንድ ላይ መጫን የስም ግጭት ስለሚፈጥር ፕሮግራሙ የትኛውን እንደተጠቀመ ማወቅ ያዳግታል። ለኅትመት ሥራ ኦቲኤፉን ይምረጡ።
2. የዲዛይን ፕሮግራሙን ዘግተው እንደገና ይክፈቱ።
3. ርዕስዎ ውስጥ ያሉትን ፊደላት፣ ቁጥሮችና ምልክቶች በሙሉ ይተይቡ። የ«እና» ምልክት (&)፣ የጥቅስ ምልክትና የገንዘብ ምልክቶች በርካሽ ወይም በነጻ ፎንቶች ላይ ብዙ ጊዜ ይጎድላሉ።
4. የፎንቱን ቅርጾች በሙሉ የሚያሳየውን «ግሊፍስ» የሚለውን ፓነል ከፍተው ተለዋጭ ቅርጾች መኖራቸውን ይመልከቱ። ዎርድን የሚጠቀሙ ከሆነ ከ2010 እትም ጀምሮ ጥምር ፊደላት (በአንድ ቅርጽ የተያያዙ ፊደላት) እና የስታይል ስብስቦች (የተለዋጭ ቅርጾች ስብስቦች) በፎንት መስኮቱ የላቀ ትር ውስጥ ይገኛሉ።
5. የቦልድ ቁልፉን አይንኩ። ፎንቱ አንድ ውፍረት ብቻ ካለው ፕሮግራሙ ጠርዙን አሳብጦ የሐሰት ቦልድ ይሠራል፤ በዚህም የፊደሉ ሆድ ይጠባል፣ ሰሪፎቹም ይደነብዛሉ። ኢታሊክም እንዲሁ ነው፤ የራሱ ፋይል ከሌለው በግድ ማዘንበል ነው የሚሆነው።

## ደረጃ 3፦ ቃሉን ያለ ጌጥ ያስቀምጡ

ጥቁር ፊደል በነጭ ገጽ ላይ ያድርጉ። ስዋሹን፣ ተለዋጩን፣ ጥላውን ሁሉ ያጥፉ። ቃሉ በዚህ ሁኔታ ካልቆመ በጌጥ አይቆምም።

ከዚያ ሁለት ቅጂ ይሥሩ፤ አንዱ ሙሉ በሙሉ በካፒታል፣ ሌላው የመጀመሪያው ፊደል ብቻ ካፒታል ሆኖ የተጻፈ ይሁን። ካፒታሎቹ ራሳቸው ባለ ስዋሽ ከሆኑ የመጀመሪያውን ቅጂ አሁኑኑ ይሰርዙት። እንዲህ ያሉ ካፒታሎች የተሳሉት በቃል መጀመሪያ ላይ ሆነው ትናንሾቹን ፊደላት እንዲመሩ ነው፤ ተደርድረው ሲቆሙ ግን ጅራታቸው እርስ በርሱ ይጠላለፋል። በዚህ ዓይነት ፎንት ላይ የማየው ተደጋጋሚ ስሕተት ይህ ነው።

መስመሩ በቦታው ላይ አልበቃ ካለ ፊደሉን በጎን አይጨምቁት። ሲጨምቁት ቋሚው ግንድ ይቀጥናል፣ አግዳሚው ግን እንዳለ ይቀራል፤ ፎንቱን ወፍራም ያሰኘው ልዩነትም ይጠፋል። ይልቁንም መስመሩን ይስበሩ። በሁለት መስመር መካከል ያለው ርቀት ከፊደሉ መጠን ሊያንስ ይችላል፤ ለ100 ነጥብ ፊደል (ነጥብ የፊደል መጠን መለኪያ ነው) ከ85 እስከ 95 ነጥብ ያለውን ይሞክሩ። ሙሉ በካፒታል ከሆነ ወደ ታች የሚወርድ ጅራት ስለሌለ የበለጠም ይጠጋል። የትንሽ ፊደል ጅራት የታችኛውን መስመር አናት ከነካ፣ ርቀቱን ከመጨመር በፊት ሁለተኛውን መስመር ጥቂት ወደ ጎን ቢያንሸራትቱት ብዙ ጊዜ ይበቃል።

## ደረጃ 4፦ በፊደላት መካከል ያለውን ክፍተት ያስተካክሉ

ሥራው የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ስለሆነ ለዚህ ደረጃ የቀሩትን ሁሉ የሚያህል ጊዜ ይስጡት።

መጀመሪያ የፎንቱ ሠሪ ባስቀመጠው መለኪያ ይነሱ። ለዚህም የኪርኒንግ፣ ማለትም የጥንድ ፊደላት ክፍተት ሳጥኑን በኢንዲዛይን «ሜትሪክስ»፣ በኢሉስትሬተር «አውቶ» ላይ ያድርጉት። «ኦፕቲካል» የሚለው ምርጫ ፕሮግራሙ የፊደሉን ቅርጽ አይቶ እንዲገምት ያደርገዋል፤ ግምቱ ረጅም ጅራት ባለው ፊደል ላይ ብዙ ጊዜ ይስታል። ቀጥሎ የመስመሩን ጠቅላላ ክፍተት፣ ማለትም ትራኪንጉን ይወስኑ። ፎንቱ ለርዕስ ብቻ ተብሎ ከተሠራ 0 ላይ ይተዉት፤ ለማንኛውም መጠን ተብሎ የተሠራ ሆኖ እርስዎ ከ72 ነጥብ በላይ ከተጠቀሙበት ግን ከ5 እስከ 20 ድረስ ይቀንሱለት። መለኪያው የፊደሉ መጠን አንድ ሺህኛ ነው፤ ስለዚህ በ200 ነጥብ ፊደል ላይ 10 መቀነስ ማለት 2 ነጥብ፣ ወይም 0.7 ሚሊ ሜትር ያህል ነው።

ከዚያ ጥንድ በጥንድ ይሂዱ። የእንግሊዝኛውን «ዋልትዝ» የሚል ቃል በካፒታል ጽፈን እንመልከተው፤ ፊደላቱ ደብሊዩ፣ ኤ፣ ኤል፣ ቲ እና ዚ ናቸው። ደብሊዩና ኤ ጎን ለጎን የሚያዘነብሉ ጭረቶች ስላሏቸው እንደፈለጉ ይጠጋሉ። ኤልና ቲም እንዲሁ ናቸው፤ ከኤል አግዳሚ በላይ ባዶ ቦታ ስላለ የቲን ክንፍ ወደዚያ ማስገባት ይቻላል። ኤና ኤል ግን አይጠጉም፤ ሁለቱም በመነሻው መስመር ላይ ሰፋፊ እግር ስላላቸው፣ እግሮቻቸው ሊነካኩ ደርሰው ሳለ ከላይ በኩል ሦስት ማዕዘን የሚመስል ባዶ ቦታ ይቀራል። ቲና ዚ ደግሞ በአናታቸው በኩል ይገናኛሉ፤ ከሥር ክፍት ቢሆኑም ከላይ ይጋጫሉ።

ጀማሪ የሚያደርገው የሚጠጉትን ጥንዶች መጠጋት እስከቻሉት ድረስ ማጠጋት ነው። ውጤቱም በአንድ ቃል ፈንታ ሁለት ጉብታ ይሆናል፤ ደብሊዩና ኤ ተቃቅፈው በአንድ ወገን፣ ኤልና ቲ ተቃቅፈው በሌላ ወገን፣ መካከላቸው ላይ ቀዳዳ። እርስዎ ከማይጠጉት ይጀምሩ። የኤንና የኤልን እግሮች በመካከላቸው የቀጭኑን ጭረት ውፍረት ያህል ብርሃን እስኪቀር ድረስ ያቀራርቡ። ቲንና ዚን በአናታቸው በኩል እንዲሁ ያድርጉ። አሁን በእነዚህ ሁለት ጥንዶች መካከል የቀረው ባዶ ቦታ መለኪያ ሆነ ማለት ነው፤ ደብሊዩንና ኤን፣ ኤልንና ቲን የሚያጠጉት ባዷቸው ከዚህ ጋር እስኪተካከል ድረስ ብቻ ነው። የሚተካከለው በፊደላቱ መካከል ያለው ስፋት ሳይሆን የተያዘው የባዶ ቦታ መጠን ነው፤ አሸዋ ቢሞላበት እኩል የሚይዝ እንደሆነ አድርገው ያስቡት።

በኢሉስትሬተርና በኢንዲዛይን ጠቋሚውን በሁለት ፊደላት መካከል አድርገው የአልት ቁልፍን ከግራ ወይም ከቀኝ ቀስት ጋር ሲጫኑ ክፍተቱ በ20 ይለወጣል። ይህ ለወፍራም ፊደል ትልቅ ዝላይ ነው፤ በምርጫዎች መስኮት ውስጥ ወደ 5 ይቀንሱት።

ዓይንዎ ቃሉን ማንበብ ከለመደ ክፍተቱን ማየት ያቆማል። ስለዚህ ገጹን ገልብጠው ይመልከቱት፤ ፊደላቱ ትርጉማቸውን ሲያጡ ባዶ ቦታው ጎልቶ ይወጣል። ሌላው ዘዴ ከሦስት ፊደላት በቀር ሌላውን በወረቀት ሸፍኖ መካከለኛው ፊደል በትክክል መሐል ላይ መቆሙን ማየት ነው፤ ከዚያ ወረቀቱን አንድ ፊደል እያሻገሩ እስከ መጨረሻው ይሂዱ።

በቃላት መካከል ያለውም ክፍተት በትልቅ መጠን ላይ ከሚገባው በላይ ይሰፋል። የትንሿን አይ ፊደል ስፋት ያህል እስኪሆን ድረስ ይቀንሱት።

ሳይስተካከል ሲቀር፦ ሁሉንም አድርገው አሁንም የኤና የኤል ክፍተት ከሰፋብዎት ሦስት መውጫ አለ። ሌሎቹን ጥንዶች ጥቂት ይክፈቱ፤ ወይም በግሊፍስ ፓነል ውስጥ እግሩ ያጠረ ተለዋጭ ኤ ይፈልጉ፤ ወይም ሁለቱን እግሮች ሆን ብለው ያገናኙ። የመጨረሻውን በአንድ ርዕስ ውስጥ ከአንድ ጊዜ በላይ አያድርጉት፤ ሊነካኩ ጥቂት ቀርቷቸው የቆሙ እግሮች ደግሞ ሲታተሙ ቀለም ስለሚያገናኛቸው ወይ ይራቁ ወይ ይጣበቁ።

## ደረጃ 5፦ ስዋሽ ይጨምሩ

የመጨረሻው ፊደል ላይ አንድ ስዋሽ ይሞክሩ። ካላማረ ያጥፉትና የመጀመሪያው ፊደል ላይ ይሞክሩ። ሁለቱ ላይ አብሮ ማድረግ የሚቻለው ቃሉ ከሰባት ፊደል በላይ ሲሆንና ጅራቶቹ በተቃራኒ አቅጣጫ ሲሄዱ፣ ማለትም አንዱ ወደ ላይ ሌላው ወደ ታች ሲሆን ነው። በቃሉ መሐል ያለ ስዋሽ ዓይንን በየመንገዱ ያስቆማል።

ስዋሹ የሚሄድበት ባዶ ቦታ አስቀድሞ ሊኖር ይገባል። በሁለተኛው መስመር ላይ አጭር ቃል ካለ ጅራቱ በዚያ ቃል ጎን ባለው ባዶ ቦታ ውስጥ እንዲያርፍ ያድርጉ። ጅራቱ የሌላ ፊደል ሆድ ውስጥ ከገባ ያ ፊደል ሌላ ፊደል ይመስላል፤ ትንሿ ኤል ጅራት ሲያቋርጣት ቲ ትሆናለች። ርዕሱን ለማያውቅ ሰው አሳዩና ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲያነበው ይጠይቁት፤ ከተንተባተበ ጅራቱን ያንሱት።

ስዋሽ ሲጨመር የቃሉ መሐል በመለኪያና በዓይን የተለያየ ይሆናል። ፕሮግራሙ ጅራቱን ጨምሮ ስለሚለካ ቃሉ ወደ ተቃራኒው ወገን ይገፋል። መሐል ሲያደርጉ ጅራቱን ትተው የፊደላቱን አካል ብቻ ይለኩ፤ ከዚያ ጅራቱ ወደሚሄድበት ተቃራኒ አቅጣጫ በጣም ጥቂት ያንቀሳቅሱት።

## ደረጃ 6፦ ጠርዝ፣ ጥላና ቀለም

ከሁሉ በፊት ቀጭኑን ጭረት ይለኩ። ውፍረቱ ከፊደሉ መጠን ሺህ እጅ 20 ነው እንበል። በ100 ነጥብ ፊደል ላይ 2 ነጥብ ይሆናል፤ ይህም 0.7 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ስጋት የለውም። በ24 ነጥብ ላይ ግን 0.48 ነጥብ ብቻ ይሆናል። በጥቁር መደብ ላይ በነጭ የሚወጣ ጭረት ከ0.5 ነጥብ ካነሰ ቀለሙ ይውጠዋል ተብሎ ስለሚጠበቅ፣ ይህ ፎንት በጨለማ መደብ ላይ ከ25 ነጥብ በታች አይገባም ማለት ነው። ለራስዎ ፎንት ይህን ስሌት አንድ ጊዜ ሠርተው ይጻፉት።

በኢሉስትሬተር ለጽሑፍ ጠርዝ ሲሰጡ የጠርዙ ግማሽ ወደ ውስጥ ይገባል። 6 ነጥብ ጠርዝ ከየወገኑ 3 ነጥብ ይበላል፤ 4 ነጥብ የነበረ ቀጭን ጭረትም እንዳለ ይዋጣል። መፍትሔው «አፒራንስ» በሚባለው ፓነል ውስጥ ጠርዙን ከሙሌቱ፣ ማለትም ከፊደሉ የውስጥ ቀለም በታች ማውረድ ነው። የጠርዙን መገናኛ ደግሞ ክብ ያድርጉት፤ አለዚያ በሰሪፎቹ ሹል ጫፎች ላይ እሾህ ይበቅላል።

ጥላ ካስፈለገ ያልደበዘዘ፣ ጠርዙ የተቆረጠ፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የወረደ ይሁን። የጥላው ርቀት ከፊደሉ ሆድ ጠባብ ክፍል ግማሽ አይበልጥ፤ ከበለጠ ሆዱ በጥላ ይሞላና ትንሿ ኢ ከትንሿ ሲ፣ ትንሿ ኤ ደግሞ ከትንሿ ኦ ጋር መምታታት ይጀምራሉ። ቀለም ከሁለት አይብለጥ፤ በእኔ እምነት አንድም ይበቃል። የወረቀት መቦጫጨቅና የመጥፋት ማስመሰያ የሚጨምሩ ከሆነ ወፍራሙን ግንድ ብቻ ይንካ፤ ቀጭኑን ከቆረጠው ፊደሉ የተሰበረ ይመስላል።

## ደረጃ 7፦ አጃቢውን ጽሑፍ ያስቀምጡ

ጸጥ ያለ ፎንት ይምረጡ። ሁለተኛ ጌጠኛ ፎንት፣ ወይም ከርዕሱ ጋር ሊመሳሰል ጥቂት የቀረው ሌላ ወፍራም ሰሪፍ አያምጡ። ርዕሱ ከአጃቢው ቢያንስ በአራት እጥፍ ይብለጥ። አጃቢው በግዕዝ ፊደል የሚጻፍ ከሆነ መጠኑን በነጥብ ቁጥር ሳይሆን በዓይን ያመሳስሉ፤ በተመሳሳይ ነጥብ የግዕዝ ፊደል ከላቲኑ ትንሽ ፊደል ከፍ ብሎ ሊታይ ይችላል።

## ደረጃ 8፦ ከመላክዎ በፊት ይፈትኑ

1. ከርዕሱ ውስጥ እጅግ ቀጭን ጭረት ያለበትን ክፍል በእውነተኛው መጠኑ በተራ ወረቀት ላይ አትመው ግድግዳ ላይ ይለጥፉ፤ በስሌት ባወጡት ርቀት ላይ ቆመው ያንብቡ።
2. ሥራው በስልክም የሚታይ ከሆነ ርዕሱን 150 ፒክሰል ስፋት ድረስ አሳንሰው ይመልከቱ። በዚህ መጠን ካልተነበበ ለስልክ ስዋሽና ጥላ የሌለው ሌላ ቅጂ ያዘጋጁ።
3. በአንድ ቀለም ብቻ አትመው ያረጋግጡ።

## ደረጃ 9፦ ፋይሉን ያውጡ

የሚስተካከለውን ፋይል በሌላ ስም ያስቀምጡ፤ ይህን ሳያደርጉ ወደሚቀጥለው አይሂዱ። ከዚያ በቅጂው ላይ ጽሑፉን ወደ ቅርጽ ይለውጡ። በኢሉስትሬተርና በኢንዲዛይን ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኦ፤ በኢንክስኬፕ ደግሞ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ሲ ናቸው። ማተሚያ ቤቱ ፎንቱ ባይኖረውም ርዕሱ አይለወጥም፤ የፊደል ግድፈት ግን ከእንግዲህ በመተየብ አይታረምም።

የተደራረቡ ጅራቶችና ፊደላት ካሉ በ«ፓዝፋይንደር» ያዋህዷቸው። ካልተዋሐዱ የሚለጠፍ ፕላስቲክ የሚቆርጠው ማሽን የሁለቱንም ጠርዝ ተከትሎ ስለሚቆርጥ ፊደሉ ከመገናኛው ላይ ይበጣጠሳል። በመጨረሻም በየጠርዙ 3 ሚሊ ሜትር የመቁረጫ ትርፍ ጨምረው ፒዲኤፍ ያውጡ።

ለባነር ከሆነ ስዋሹን ከጠርዝ አብዝተው ያርቁት። እኔ በአንድ ወቅት የ3 ሜትር ባነር ስሠራ የመጨረሻውን ፊደል ጅራት እስከ ጠርዙ ድረስ አስረዝሜው ነበር፤ ባነሩ ተሰፍቶ ሲመጣ ጅራቱ ግማሹ በእጥፋቱ ውስጥ ገብቶ፣ በቀረው ግማሽ ላይ ደግሞ የመስቀያው የብረት ቀለበት ተመትቶበት አገኘሁት። እጥፋቱ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሚወስድ የሚሰፋውን ሰው ጠይቀው በዚያ ላይ የአንድ ሰሪፍ ስፋት ይጨምሩ።

ለድረ ገጽ ሲሆን ዎፍ 2 የተባለውን የድረ ገጽ ፎንት ፋይል ይጠቀሙ። ፎንቱ እስኪወርድ ድረስ በቦታው የሚታየውን ተተኪ ፎንት ወፍራም ሰሪፍ ያድርጉት፤ ቀጭን ተተኪ ካስቀመጡ ጌጠኛው ሲደርስ ገጹ ይዘላል። አንድ ርዕስ ብቻ ከሆነ ቅርጹን በኤስቪጂ ማስቀመጥ ይቀላል፤ ነገር ግን ማየት ለተሳናቸው አንባቢዎች ቃሉን በተለዋጭ ጽሑፍነት መጻፍ አይርሱ።

## ከወጣ በኋላ ሲበላሽ

የስዋሹ ጫፍ በድረ ገጽ ላይ ተቆርጦ ይታያል። ጅራቱ ከፊደሉ ሳጥን ውጭ ስለሚወጣ ሳጥኑ ትርፉን ደብቆታል። የመስመሩን ቁመት ወደ 1.3 ከፍ ያድርጉ፣ በጎንም ውስጣዊ ክፍተት ይጨምሩ፤ ትርፉን የሚደብቅ ትእዛዝ ካለም ያንሱት።

ጅራት ፊደሉን ሲያቋርጥ ነጭ ቀዳዳ ይታያል። ቅርጾቹ ሳይዋሐዱ ተጣምረው ነው። ወደሚስተካከለው ፋይል ተመልሰው እንደገና ወደ ቅርጽ ይለውጡና በዚህ ጊዜ አንድ ላይ ያዋህዷቸው።

ክፍተቱ በሌላ ፕሮግራም ሲከፈት ተለወጠ። የተለያዩ ፕሮግራሞች የፎንቱን የኪርኒንግ ሠንጠረዥ በአንድ ዓይነት መንገድ አያነቡትም። ርዕሱን እንደ ቅርጽ ያስተላልፉት እንጂ እንደ ጽሑፍ አይገልብጡት።

ሲታተም ሆዶቹ ተደፈኑ። ወረቀቱ ቀለም ይመጥጣል ማለት ነው። ፊደሉን በ15 በመቶ ያህል ያሳድጉ፤ ቦታ ከሌለ ጠርዙን ያስወግዱ፣ ጨለማውን መደብ ወደ ብርሃናማ ይቀይሩ። ይህ ሁሉ ተደርጎ አሁንም ከተደፈነ ወደ ደረጃ 1 ተመልሰው ቀጭን ጭረት የሌለውን ዓይነት ይምረጡ፤ ክፍተቱንም እንደ አዲስ ከደረጃ 4 ይጀምሩ፤ የቀድሞው ፎንት ቁጥሮች ለአዲሱ አይሠሩም።